የጎደለው 150 ኤከር፦ የቨርጂኒያን የቅኝ ግዛት ዘመን ቤተሰብ በመሬትና በውርስ መዝገብ መፈለግ

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። ባለቤቴ የዚሁ አገር ተወላጅ ነው። ለልጆቻችን በእኔ በኩል ያለውን ዘር እስከ ሰባት ቤት ቆጥሬ ጽፌላቸዋለሁ፤ በአባታቸው በኩል ግን በ1760ዎቹ ላውደን ካውንቲ፣ ጉስ ክሪክ ከሚባል ወንዝ አጠገብ ይኖር ከነበረ ዊልያም ከሚባል ሰው ማለፍ አልቻልኩም። ቤተሰቡ ‹የመጀመሪያው አያታችን ጆን ከእንግሊዝ ንጉሥ 400 ኤከር መሬት የተሰጠው መኳንንት ነበር› ይላል። ላውደን ፍርድ ቤት ሄጄ ስጠይቅ በዚያ ዘመን የጆን ኑዛዜ የለም ተባልኩ። በኋላ ኢንተርኔት ላይ ከተለጠፈ የዘር ሐረግ የኑዛዜውን አሕጽሮት አገኘሁ። ዲሴምበር 12 ቀን 1746 ተጽፎ ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1746 ጸደቀ ይላል፤ ሳይጻፍ እንዴት ይጸድቃል? ለልጁ ለቶማስ 150 ኤከር፣ ለጄምስ 100 ኤከር ሰጥቶ፣ ሚስቱን ሜሪን፣ ሦስት ሴቶች ልጆቹንና ‹አማቼ› የሚለውን ሄንሪን ይጠቅሳል። ዊልያም የለበትም። ሐረጉን የሠራው ሰው ግን ዊልያምን ከጆን ልጆች ጋር ቆጥሮታል። ልመነው?»

መልስ፦

አይመኑት፤ አይጣሉትም። ሐረጉን የሠራው ሰው ዊልያምን የጆን ልጅ ያደረገው የቤተሰብ ስማቸውና ሰፈራቸው ስለገጠመለት ይመስላል፤ ይህ ደግሞ ማስረጃ አይባልም። ዋናው ፍንጭ ያለው እርስዎ በጻፉት ጥያቄ ውስጥ ነው። ጆን 400 ኤከር ነበረው፤ ለሁለት ልጆች 250 ተናዘዘ። የቀረው 150 ኤከር የት ገባ? ዊልያም የጆን ልጅ ከሆነ ይህን የሚነግርዎት የዚያ መሬት ዕጣ ነው። በእኛ አገር በርስት ሥርዓት ሰው ዘሩን ቆጥሮ መሬት ይጠይቅ ነበር። በቨርጂኒያ መዝገብ ሥራው ይገለበጣል፤ መሬቱን ቆጥረው ዘሩን ያገኛሉ።

አስቀድመው ግን ካውንቲውን ያስተካክሉ። ላውደን የተቋቋመው በ1757 ነው፤ ጆን የሞተው ከዚያ ዐሥር ዓመት በፊት ነው። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ «የለም» ያለዎት እውነቱን ነው። ላውደን የተቆረሰው ከፌርፋክስ ነው። ፌርፋክስ በ1742 ከፕሪንስ ዊልያም፣ ፕሪንስ ዊልያም በ1731 ከስታፎርድና ከኪንግ ጆርጅ፣ ስታፎርድ በ1664 ከዌስትሞርላንድ ወጡ። ጉስ ክሪክ አጠገብ በ1730 ጎጆ የቀለሰ ሰው ከደጁ ሳይነቃነቅ እስከ 1760 ሦስት አራት ካውንቲ ይቀየርበታል። አዲስ ካውንቲ ሲወጣ አሮጌው መዝገብ አብሮ አይሄድም፤ በእናቱ ካውንቲ ይቀራል። ስለዚህ የጆን ኑዛዜ የሚፈለገው ፌርፋክስ ከ1742 እስከ 1752 ባለው የመጀመሪያው የኑዛዜ ጥራዝ ነው። ከ1742 በፊት የገዛው ወይም የሸጠው መሬት ካለ ፕሪንስ ዊልያም ይታያል። የዊልያም ጉዳይ ከ1757 ወዲህ ላውደን፣ ሊዝበርግ ባለው መዝገብ ቤት ነው። ይህን ሰንሰለት በአንድ ገጽ ጽፈው ጠረጴዛዎ ላይ ይለጥፉት። «የለም» የተባለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የተፈለገው በማይገባው ካውንቲ ነው።

የቀኑ ነገር የቅጂ ስህተት አይደለም። በእንግሊዝ ግዛቶች እስከ 1752 ድረስ አዲስ ዓመት የሚገባው ማርች 25 ነበር። ዲሴምበር 1746ን የተከተሉት ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ገና 1746 ናቸው። ጆን በዲሴምበር ተናዘዘ፣ ከሁለት ወር በኋላ ኑዛዜው ጸደቀ፤ ዛሬ በምንቆጥረው ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1747 ማለት ነው። ዓመት በመስከረም እንደሚገባ እያወቀ ላደገ ሰው ይህ አይከብድም። ሲመዘግቡ ግን «1746/7» ብለው ሁለቱንም ያስፍሩ፤ ያለዚያ በአንድ ዓመት ስህተት ልጅ አባቱ ከሞተ በኋላ የተወለደ ይመስላል። ጉስ ክሪክ አካባቢ ኩዌከር የሚባሉ ክርስቲያኖች ስለነበሩ ሌላም ወጥመድ አለ። እነሱ ወራትን በስም አይጠሩም፣ በቁጥር ነው፤ ከ1752 በፊት «አንደኛው ወር» የሚሉት ማርች ነው። በ1752 ደግሞ ከሴፕቴምበር 2 ማግስት ሴፕቴምበር 14 ስለሆነ 11 ቀን ተዘሏል።

«ከንጉሥ የተሰጠ» የሚለውን ለልጆችዎ አይንገሩ። በፖቶማክና በራፓሃኖክ ወንዞች መካከል ያለው ምድር በሙሉ፣ ኖርዘርን ኔክ የሚባለው፣ ቻርልስ ሁለተኛ በ1649 ለጥቂት ታማኞቹ የሰጠው ሲሆን በጆን ዘመን የሎርድ ፌርፋክስ ነበር። እዚያ መሬት የሚሰጠው የሎርድ ፌርፋክስ ጽሕፈት ቤት ነው። አመልካቹ ይጠይቃል፣ ለቀያሽ ትእዛዝ ይጻፋል፣ መሬቱ ይለካል፣ ክፍያው ተከፍሎ የይዞታው ደብዳቤ ይወጣል፤ ከዚያ በየዓመቱ ግብር አለ። ይህን ማንኛውም አቅም ያለው ገበሬ ያደርገዋል፤ ለመኳንንትነት ምልክት አይሆንም። ከራፓሃኖክ በስተደቡብ ደብዳቤው በንጉሥ ስም ይወጣ ስለነበር «ንጉሥ ሰጠን» የሚለው ወሬ ከዚያ መጣ። በዚያ በኩልም ቢሆን ከ1618 ጀምሮ የነበረው ደንብ የአንድን ሰው የመርከብ ወጪ ለከፈለ 50 ኤከር የሚል ነው፤ ይህ መብት እንደ ዕቃ ይሸጥ ይለወጥ ስለነበር፣ በደብዳቤው ላይ ስሙ የተዘረዘረ ሰው በዚያው ዓመት መጣ ማለት አይቻልም። የኖርዘርን ኔክ የይዞታ ደብዳቤዎች ሪችመንድ ባለው የቨርጂኒያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ ምስላቸውም በነፃ ኢንተርኔት ላይ ይታያል። የጆንን ደብዳቤ ያውጡ። ቅየሳው ከተገኘ የመለኪያ ሰንሰለት የጎተቱትን ሰዎች ስም ያንብቡ፤ ብዙ ጊዜ ወንድም፣ አማች ወይም ጎረቤት ናቸው።

አሁን ወደ ዊልያም። ሰው በኑዛዜ ውስጥ ስላልተጠቀሰ ልጅ አይደለም ማለት አይደለም፤ የበኩር ልጅ ሲሆን ደግሞ በተለይ። በቨርጂኒያ እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 1787 ድረስ በኑዛዜ ያልተሰጠ መሬት በሙሉ የሚያልፈው ለበኩር ወንድ ልጅ ነበር። ወንድሞቹና እኅቶቹ ከመሬቱ ድርሻ የላቸውም። ለልጆች ሁሉ እኩል ማካፈል ለለመደ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ነው፤ ኑዛዜውን ስናነብ የምንሳሳተውም ለዚህ ነው። አባት ኑዛዜ የሚጽፈው ሕጉ ለማይደርስላቸው፣ ለታናናሾቹ ሲል ሊሆን ይችላል። በኩሩ ያለ ወረቀት እንደሚወርስ ያውቃል። ወይም መሬቱን በሕይወት ሳለ በስጦታ ውል አስተላልፎለታል። አንዳንዱ ኑዛዜ «ለልጄ ለእገሌ አንድ ሽልንግ» ይላል፤ ሰው ይህን አባት ተቆጥቶ የካደው አድርጎ ይወስደዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ድርሻውን ቀድሞ ስለወሰደ የተጻፈ የሕግ ጥንቃቄ ነው።

ይሁን እንጂ 150ው ኤከር ሌላም መውጫ አለው። ጆን ሸጦት ሊሆን ይችላል። ሚስቱ ዕድሜ ልኳን እንድትቀመጥበት ተሰጥቷት፣ ከእሷ በኋላ ለማን እንደሚሆን ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ወይም «የቀረው ንብረቴ ሁሉ» የሚለው የመጨረሻው አንቀጽ ጠቅልሎት ይሆናል። አሕጽሮት እነዚህን አንቀጾች ይዘላል። ስለዚህ ሙሉውን ኑዛዜ ሳያነቡ ምንም አይደምድሙ። በጥራዙ ያለውም ቢሆን ጸሐፊው ከዋናው የገለበጠው ነው፤ የጆን የእጅ ፊርማ ወይም ምልክት የሚገኘው ዋናው ወረቀት ከተረፈ ብቻ ነው።

የመሬት ውሎቹን ሲያነቡ ትልቁን ዋጋ የሚሰጥዎት ሻጩ መሬቱ እንዴት እንደደረሰው የሚተርክበት ክፍል ነው። «ይህ መሬት ለጆን ከተሰጠው 400 ኤከር ተከፍሎ፣ በእሱ ሞት ለበኩር ልጁና ለሕጋዊ ወራሹ ለተባለው ዊልያም የደረሰ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ካገኙ ሥራዎ አለቀ። ዊልያም ራሱ ሳይሸጥ ቢሞት ልጁ ወይም የልጅ ልጁ በ1790 ወይም በ1810 ሲሸጥ ይህንኑ ይተርካል። ፍለጋውን ዊልያም ሲሞት አያቁሙት፤ መሬቱ ከቤተሰቡ እጅ እስከሚወጣበት ቀን ድረስ ይግፉት። ሲሸጥ የሚታይ፣ ሲገዛ ግን የማይታይ መሬት አብዛኛውን ጊዜ የወረሱት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስትበት የውል ዓይነት አለ። በዚያ ዘመን ሽያጭ በሁለት ወረቀት ይፈጸም ነበር። የመጀመሪያው ኪራይ ይባላል፤ ዋጋው 5 ሽልንግ፣ ዘመኑ አንድ ዓመት፣ የኪራዩ ክፍያ ደግሞ «ቢጠየቅ» አንዲት የቁንዶ በርበሬ ፍሬ። ሁለተኛው በማግስቱ የተጻፈ ነው፤ እውነተኛውን ዋጋ ይዞ መሬቱን ለዘለዓለም ይለቃል። የመጀመሪያውን ብቻ ያየ ሰው «አያታችን ጭሰኛ ነበር» ይላል፤ የሽያጩን ታሪክና የቤተሰቡን ስም የያዘው ግን ሁለተኛው ነው። አንዱን ካገኙ ገጹን ይግለጡ፤ ሌላው ከጎኑ ነው። ከሽያጩ ኋላ ደግሞ የሚስት ፈቃድ አለ። ሚስት ባሏ ሲሞት ከመሬቱ ሲሶውን በሕይወት እስካለች ድረስ የመያዝ መብት ስለነበራት፣ ባል ሲሸጥ ከእሱ ተለይታ ብቻዋን ትጠየቅና መብቷን ትለቃለች። ጆን በ1735 ሲሸጥ ሚስቱ ኤልሳቤጥ፣ በኑዛዜው ሜሪ ሆና ከተገኘች ሁለት ሚስት አግብቷል፤ ዊልያም ከመጀመሪያይቱ የተወለደ ሊሆን ይችላል፣ ሜሪም የእንጀራ እናቱ ናት።

እውነተኛ ኪራይም አለ፤ መናቅ የለበትም። በሰሜን ቨርጂኒያ ትልልቅ ባለርስቶች መሬት የሚያከራዩት ለሦስት ሰው ዕድሜ ነበር፤ በውሉ ከተጠቀሱት ሦስት ሰዎች የመጨረሻው እስኪሞት ድረስ ኪራዩ ይጸናል። ሦስቱ እንደ ወትሮው ተከራዩ፣ ሚስቱና አንድ ልጁ ናቸው፤ ዕድሜ የተጻፈበትም አለ። ዊልያም የራሱ መሬት ከሌለው የሚስቱንና የልጁን ስም በአንድ መስመር የሚሰጥዎት ይህ ውል ነው።

የዝምድና ቃላቱን በዛሬ ፍቺያቸው አይተርጉሙ። የዚያ ዘመን እንግሊዝኛ የልጁን ባልና የእንጀራ ልጁን በአንድ ቃል ይጠራ ነበር፤ «አማቼ ሄንሪ» የተባለው ሜሪ ከቀድሞ ባሏ የወለደችው ሊሆን ይችላል። ሄንሪ ከጆን ሞት በኋላ ሞግዚት ተሾሞለት ካገኙ፣ ሞግዚት የሚሾመው ለልጅ ስለሆነ፣ የእንጀራ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ከአባቱ ስም ተነስተው የሜሪን የመጀመሪያ ባል ያገኛሉ። የአጎት ልጅ የሚሉት የወንድም ወይም የእኅት ልጅን ይጨምራል። «ትልቁ» እና «ትንሹ» ተብለው የሚለዩ ሁለት ጆኖች አባትና ልጅ ናቸው ማለት አይደለም፤ በአንድ ሰፈር ያሉ በዕድሜ የሚበላለጡ ሞክሼዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ትልቁ ሲሞት ትንሹ «ትልቁ» ይባላል። «ሕፃን» ከ21 ዓመት በታች ያለ ሁሉ ነው፤ «ወላጅ አልባ» ደግሞ አባቱ የሞተበት ነው፣ እናቱ ብትኖርም። ልጁ 14 ዓመት ከሞላው ሞግዚቱን ራሱ ይመርጣል፤ መረጠ የሚል ካገኙ የተወለደበትን ዘመን መገመት ይቻላል።

ኑዛዜውን ብቻ አንብቦ መሄድ ግማሽ ሥራ ነው። ከእሱ ጋር የሚሄዱት የአስፈጻሚው ዋስትና፣ የንብረቱ ግምትና የሂሳብ ማጣሪያው ናቸው። ዋስትናው እንደ ልማዱ የንብረቱን ግምት እጥፍ ያህል ነው፤ ዋስ የሚሆኑት ብዙ ጊዜ የሚስት ወንድሞች ወይም አባት ናቸው። ማጣሪያው ከ10 እና ከ15 ዓመት በኋላ፣ የመጨረሻው ልጅ 21 ሲሞላው ሊቀርብ ይችላል፤ «በሚስቱ ድርሻ ለእገሌ ተከፈለ» የሚለው መስመር የሦስቱን ሴቶች ልጆች ባሎች ይሰጥዎታል። እነዚህ ወረቀቶች በኑዛዜው ማውጫ ላይ ላይኖሩ ስለሚችሉ ከ1747 እስከ 1762 ያለውን የችሎት መዝገብ በገጽ ማንበብ ያስፈልጋል። አሰልቺ ነው፤ ግን አቋራጭ የለውም። ወራሾች ተካሰው ከሆነ ደግሞ የርትዕ ችሎቱ (ቻንስሪ የሚባለው) ዶሴ ከሁሉ ይበልጣል፤ ልጅና የልጅ ልጅ ሁሉ በስም ይዘረዘርበታል። የቨርጂኒያ ቤተ መጻሕፍት ለእነዚህ ዶሴዎች የመረጃ ቋት አዘጋጅቷል፤ በቤተሰብ ስም ይፈለጋል።

የንብረቱን ግምት ሲያነቡ ከፈረሱ፣ ከላሙና ከአልጋው መካከል የሰዎች ስም ከነዋጋው ተጽፎ ሊያገኙ ይችላሉ። በባርነት የተያዙ ናቸው። የ1705 የቨርጂኒያ ሕግ ለውርስ ጉዳይ እነሱን እንደ መሬት ስለቆጠራቸው በኑዛዜም፣ በመሬት ውልም፣ በግምትም ይገኛሉ። እባክዎ አይዝለሏቸው። አብዛኞቹ ጥቁር አሜሪካውያን በሙሉ ስማቸው የተመዘገቡበት የመጀመሪያው ሕዝብ ቆጠራ የ1870ው ነው፤ ከዚያ ወደ ኋላ አያቶቹን የሚፈልግ ሰው ያለው መንገድ የአሳዳሪዎቹ ኑዛዜና ግምት ነው። ስሙን፣ ዕድሜው ከተጻፈ ዕድሜውን፣ ለማን እንደተላለፈ ጽፈው ከጥራዙና ከገጹ ቁጥር ጋር በሐረጉ ላይ ያኑሩት። የባለቤትዎ ቤተሰብ ታሪክ እነዚህን ሰዎች ሳይጨምር ሙሉ አይሆንም።

የመሬቱን ካርታ ራስዎ ይሳሉ። የይዞታ ደብዳቤው «ከነጭ ኦክ ዛፍ ተነስቶ» ብሎ ይጀምርና ቀጥሎ አቅጣጫና ርቀት ይሰጣል፦ ከሰሜን 30 ዲግሪ ወደ ምሥራቅ፣ 120 ፖል፣ እስከ እገሌ ወሰን። አንድ ፖል 16.5 ጫማ፣ ማለትም 5.03 ሜትር ያህል ነው፤ 320 ፖል አንድ ማይል፣ 160 ካሬ ፖል አንድ ኤከር ነው። በ1፡24,000 መጠን የተሠራ የአሜሪካ መንግሥት ካርታ ላይ 120 ፖል 2.5 ሴንቲሜትር ይሆናል። በብርሃን አስተላላፊ ወረቀት ላይ መስመር በመስመር ይሳሉ፤ የመጨረሻው መስመር ከመነሻው ካልገጠመ ጸሐፊው ምሥራቅን ምዕራብ ብሎታል ወይም አንድ መስመር ዘሏል። የኮምፓስ ሰሜን በየዘመኑ ስለሚዞር የሁለት ዘመን ቅየሳዎች ጥቂት ዲግሪ ይለያያሉ፤ ወረቀቱን ትንሽ ሲያዞሩት ይገጥማሉ። ከዚያ የቶማስን 150፣ የጄምስን 100 በ400ው ውስጥ ያስቀምጡ። የቀረው ቁራጭ ቅርጽ ከዊልያም መሬት ጋር ከገጠመ፣ አዋሳኞቹም አንድ ከሆኑ፣ በአንድ ካውንቲ ያሉ ሌሎች ዊልያሞች ሁሉ ከጨዋታው ይወጣሉ።

የሚጠብቅዎት ችግርም አለ። በ1861–65ቱ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከስታፎርድና ከፕሪንስ ዊልያም ብዙ ጥራዞች ጠፍተዋል፤ ፌርፋክስም የጎደሉት አሉ። ላውደን የተረፈው የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ መዝገቡን ወደ ደቡብ፣ ወደ ካምቤል ካውንቲ ስላሸሸው ነው። ጥራዙ የጠፋ ከሆነ ከካውንቲ ውጭ የተቀመጠውን ይፈልጉ፤ የሎርድ ፌርፋክስ የይዞታ ደብዳቤዎች አልተቃጠሉም፤ ከ1782 ጀምሮ በየዓመቱ የተሠራው የመሬት ግብር መዝገብም ቅጂው ሪችመንድ ስለሚላክ ተርፏል። በዚያ መዝገብ በ1782 በዊልያም ስም 150 ኤከር ካለ ትልቅ ነገር ነው። ፋሚሊሰርች የተባለው የዘር ሐረግ ድረ ገጽ ከ2024 ጀምሮ የእጅ ጽሑፍን በኮምፒውተር አንብቦ በቃል ለመፈለግ የሚያስችል መሣሪያ በነፃ አቅርቧል፤ በውል ውስጥ እንደ ምስክር ወይም አዋሳኝ የተደበቀን ሰው ያወጣል። ይሁንና በአሮጌ ጽሑፍ ያለውን ረጅሙን «ኤስ» ፊደል «ኤፍ» ብሎ ሊያነበው ይችላል፤ ስለዚህ ምስሉን ሁልጊዜ በዓይንዎ ያረጋግጡ። በአሮጌ ጽሑፍ ጄ፣ ኤን፣ ኦ የሚሉት ሦስት ፊደሎች ጆን ናቸው፣ ጆናታን አይደሉም። የዲኤንኤ ምርመራን በተመለከተ፣ የወንድ ዘር ምርመራ ዊልያም ከጆን ቤት መሆኑን ወይም አለመሆኑን ሊጠቁም ይችላል፤ ልጁ ይሁን የወንድሙ ልጅ ግን አይለይም።

እንግዲህ ገንዘብዎን በእንግሊዝ ላይ አያውጡ፤ ጆን የት ተወለደ የሚለው ዊልያም ሳይያያዝ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። ሙሉውን የ1746/7 ኑዛዜ ከፌርፋክስ፣ የ400 ኤከሩን ደብዳቤ ከሪችመንድ ያውጡ፤ ከዚያ የዊልያምን፣ የቶማስንና የጄምስን ስም በሻጭም በገዢም ማውጫ ከ1747 እስከ 1810 ይፈትሹ፤ ሁለቱንም ማውጫ ነው የምልዎት፣ ሰው ገዢውን ብቻ አይቶ ይሄዳል። የሦስቱም ውሎች በእጅዎ ሲሆኑ ካርታውን ይሳሉ። እስከዚያ ድረስ በሐረጉ ላይ በዊልያምና በጆን መካከል ያለውን መስመር በነጥብ ያድርጉት፤ ቤተሰቡ ቢያጉረመርምም። «ለበኩር ልጁና ለሕጋዊ ወራሹ» የሚለውን ቃል ወይም የገጠመውን ቁራጭ ባገኙ ዕለት የጥራዙን ቁጥርና ገጹን ከሥሩ ጽፈው ነጥቡን በብዕር ያገናኙት።